በጨርቅ የተጠረገ ጎመን

በ፲፱፻፳፭ ዓመተ ምሕረት፣ በፍልሰታ ጾም አጋማሽ፣ አንድ ዝናባማ ጧት፣ በእሪ በከንቱ ገደል አፋፍ ላይ ባለው የፈረንጁ ሐኪም ግቢ፣ በጓሮው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ የሐኪሙ አስተርጓሚ ገነነ፣ ሚስቱ ምብራት፣ ገና ጡት ያልጣለው ልጃቸው ገብረአብ፣ እንዲሁም የገነነ ታላቅ እኅት አስካለ። አራቱም፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ዓይናቸውን የጣሉት በጣውላ ሣጥን ውስጥ በተኛች አንዲት ትንሽ እንስሳ ላይ ነበር።

እንስሳይቱ ከአይጥ የምትበልጥ፣ ከጥንቸል የምታንስ፣ ጅራት የሌላት፣ ነጭ ጠጉሯ ላይ ቡናማ ጣል ጣል ያለባት ናት። ፈረንጆቹ በቋንቋቸው የአሳማ ስም አውጥተውላታል ይባላል፤ የሠፈሩ ሰው ግን በአጭሩ የፈረንጅ አይጥ ብሎ ገላግሏታል። ሐኪሙ እሷንና ሰባት ጓደኞቿን ከጅቡቲ በባቡር ያስመጣቸው ለጌጥ አልነበረም። የሚያስል ሰው ሲመጣበት ከአክታው ጥቂት ወስዶ በመርፌ ከአንዷ ቆዳ ሥር ያኖራል። ሰውየው የሳንባ ነቀርሳ ካለበት እንስሳይቱ ከአንድ ወር በኋላ ትከሳለች፣ ብሽሽቷ ያብጣል፣ ትሞታለች፤ ከሌለበት ወፍራ ትቀመጣለች። ምብራት ከግንቦት ጀምሮ ሳል ይዟት ስላለቀቃት፣ ሐኪሙ የሰኔ ሚካኤል ሰሞን አክታዋን ተቀብሎ ለዚህችኛዋ ሰጣትና ጀርባዋን በሐምራዊ ቀለም ምልክት አደረገባት። ከዚያ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ለፍልሰታ መግቢያ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ጎርፍ የባቡሩን ድልድይ ስለወሰደው ግን እዚያው ቀረ። ሲሄድ ስለ ምርመራው ለገነነ የነገረው አንድ ነገር ነው፤ ባለምልክቷ ከታመመች እኔን አትጠብቅ፣ ሕፃኑን ከእናቱ ለይ።

ገነነ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ እንስሳይቱን አነሣት። ገና ሲነካት ጮኸች፤ ቀጭን፣ እንደ ሕፃን ያለ ጩኸት። የጎድን አጥንቷ በእጁ ይቆጠራል። የኋላ እግሮቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ አልዘረጋ አለች፣ ጉልበቷም አብጦ ጠጉሩ ተበታትኗል።

«ይኸው» አለ ገነነ። «ከስታለች፣ አብጣለች። ዶክተሩ እንዳለው ነው።»

አስካለ ያበጠው ብሽሽቷ ሳይሆን ጉልበቷ መሆኑን አይታለች፤ ግን የእንስሳን አካል ከሐኪም አስተርጓሚ ይልቅ እኔ አውቃለሁ ማለት ነውር መሰላትና ዝም አለች። ምብራትም የልጇን ራስ በነጠላዋ ሸፈነች። ሕፃኑ ይጠባ ነበር። ገነነ እንስሳይቱን ወደ ሣጥኗ መልሶ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ በፎጣው ጫፍ አደረቀ፣ ከዚያም ሁለት እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ። ምብራት መጀመሪያ የዘረጋው ለምን እንደሆነ አልገባትም። ሲገባት ልጁ አፉን ከጡቷ እስኪያላቅቅ ድረስ እንኳ አልጠበቃትም፤ የወተት ጠብታ በአገጩ ላይ እንዳለ ወሰደውና ለአስካለ አቀበላት።

«አጎትሽ ሐድጉ ከቀትር በኋላ በቅሎ ይዞ ይመጣል» አላት ምብራትን፣ በሩን እያየ። «እንጦጦ እሱ ዘንድ ትቆያለሽ። ጠበሉም አለ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፣ ለሳንባ ጥሩ ነው ይላሉ።»

ቀድሞ ልኮበት ነበር ማለት ነው። አስካለ ይህን ስትሰማ ልጁን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገችው። ወንድሟን ጨካኝ ነው ማለት ግን አልቻለችም። ታናሻቸው እምሩ በዚሁ ሳል፣ በዚሁ ግቢ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አልቋል። ያኔ ብርድ ነው፣ ምች ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው እየተባለ ወር በወር ላይ ሲጨመር፣ ገነነ የወንድሙን ራስ ደግፎ ደም የሚያስተፋው እሱ ራሱ ነበር።

አስካለ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ስድስቱ ምልክት የሌላቸው የሚኖሩት እዚያ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ በሌላ ሣጥን ውስጥ ነው። እሷ በዚህ ቤት የተቀጠረችው ልብስ ልታጥብና እነሱን ልትቀልብ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የወለደችው ስለሌላት፣ ጧት ጧት ስትገባ በኋላ እግራቸው ቆመው ሲንጫጩባት ሆዷ ይባባ ነበር። ከሰሞኑ መንጫጫቱ ቀርቷል። ብርድ ነው ብላ ሣጥኑን ወደ እሳቱ አቀረበችው፤ የሰው ዓይን ገብቷቸው ይሆናል ብላ ደግሞ ከላይ ጨርቅ ጣለችበት። ዛሬ ጨርቁን ገልጣ ባለ ጥቁር ግንባሯን አነሣች። ጮኸች። ጉልበቷን ዳሰሰች፤ አብጧል። ሁለተኛዋን አነሣች፤ ያችም ጮኸች። ሦስተኛይቱ ሳትነካት በፊት ከጥግ ወደ ጥግ ለመሄድ ሞክራ ኋላዋ ተጎተተ። የአንዷን ከንፈር በጣቷ ገለጥ ስታደርግ ድዷ ደም ቋጥሯል።

እነዚህ የማንም አክታ አልተሰጣቸውም። አስካለ ልቧ በደስታ ዘለለ። ሁሉም ከታመሙ በሽታው የምብራት አይደለማ! እየሮጠች ወጥታ ገነነን በረንዳው ላይ አገኘችውና ነገረችው። እሱ ግን ፊቱ ገረጣ።

«ተጋባባቸዋ!» አለ። «አየሽ አይደል? አንዷ ለስድስቱ ከበቃች፣ አንዲት እናት ለአንድ ልጅ አታንስም።»

ያችው የምሥራች የመሰለቻት ነገር በእጇ ላይ መርዶ ሆነች። ገነነ ልጁን ከጀርባዋ ተቀበላትና ወደ ውስጥ ገባ። አስካለ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ባለ ጥቁር ግንባሯን በቅርጫት አድርጋ፣ በጋቢ ቁራጭ ሸፍና ወጣች። የፈረንጅን እንስሳ ፈረንጅ ያውቃል ብላ ነው። የምታውቀው ፈረንጅ ደግሞ ከሐኪሙ ሌላ አንድ ብቻ ነው፤ አራዳ ላይ መጠጥና ሸቀጥ የሚሸጠው ግሪካዊ፣ ሙሴ ስታቭሮ። እዚህ ከመቀጠሯ በፊት የእሱን ልብስ ታጥብ ነበር።

ዳገቱ ጭቃ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት የሣር ቤቶች ክዳናቸው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ከየደጃፉ የሽሮ ሽታ ይወጣል። ወደ ጊዮርጊስ ገበያ መውጫው ላይ ቃሪያና ሎሚ በጆንያ ላይ የዘረጉ ሴቶች ከአንድ ትልቅ ሸራ ሥር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ቅርጫቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንጫጭ አንዷ አንገቷን አሰገገች።

«እመት፣ ጫጩት ነው? ስንት ትያቸዋለሽ?»

«የሚሸጥ አይደለም። የዶክተሩ የፈረንጅ አይጥ ነው፤ ታሞብኝ ነው።»

«እግዚኦ!» አለች ሴትዮዋ አጠገቧ ያለችውን በክርኗ እየጎሸመች። «ስሚልኝ፣ ፈረንጅ አይጡን በሞግዚት ያሳድጋል!»

«ለእኔ ድመት ትስጣታ» አለች ሁለተኛዋ። «እሷ እንደሆነች ፍልሰታን አትጾም!»

ሸራው ሥር ሳቅ ሆነ። አስካለም ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ምሕረቱን ያውርድልሽ» አለቻት ሦስተኛዋ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፤ አስካለ አንገቷን ነቅንቃ አለፈች።

ሙሴ ስታቭሮ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ከበርሜል ወይራ በጭልፋ እያወጣ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ አገር ከገባ ሃያ ዓመት ቢሆነውም አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። ቅርጫቱን ከፍታ ስታሳየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ መነጽሩን አደረገና የእንስሳይቱን ጉልበት፣ ቀጥሎም ድዷን አየ። ሳቁ ቆመ።

«አንተ አስካለ፣ ምን ይበላል እሱ?»

«ገብስ፣ ድርቆሽ፣ ጎመን።»

«ጎመን? ውሸት። ጎመን ካለ ይኼ በሽታ የለም።» ጭልፋውን አስቀመጠ። «እኔ ልጅ ሆኖ መርከብ ላይ ነበር። ብዙ ወር ባሕር ብቻ። ደረቅ ዳቦ፣ ጨው ሥጋ፣ ቅጠል የለም። ድዱ ደም፣ ጉልበቱ እብጥ፣ ትልቅ ሰው ሲነኩት እንደ ልጅ ያለቅሳል። አንድ ወደብ ደረስን፣ ሎሚ አገኘን፣ በሳምንት ተነሣ። የመርከበኛ በሽታ ነው ይኼ።»

«ከአንዱ ወደ አንዱ ይጋባል?»

«እንዴት ይጋባል? ማጣት ነው። ረኀብ ይጋባል?»

አስካለ ባንኮኒውን ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ ንስሐ፣ ነገሩን ተናገረች። በበጋ ሐኪሙ ራሱ ከጓሮው ሣርና ጎመን እየቀነጠሰ ይሰጣቸው ነበር። ዝናብ ሲገባ እርጥብ ሣር በልታ አንዷ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች፤ ሐኪሙ ተቆጣና፣ ሲሄድም በገነነ አፍ አስጠነቀቃት፤ እርጥብ ቅጠል እንዳትሰጪ። በሐምሌና በነሐሴ ደረቅ ቅጠል ከየት ይመጣል? ጎመኑን ከጓሮ ትቀነጥሳለች፣ ታጥባለች፣ በድስት ትቀቅላለች፣ ውኃውን ትደፋለች፣ ጠብ እስከማይል ትጨምቃለች፣ ከምድጃው በላይ ዘርግታ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ ከትፋ ታቀርብላቸዋለች። ለእነሱ ስትል ነው። ጎመን ጥሬውን ማን ይበላል? ለሰው እንኳ የማይሆነውን ለእነዚህ ለሚያለቅሱት ልስጥ ማለት ጭካኔ መስሏት ነው።

ግሪኩ እስክትጨርስ ሰማት። «የተቀቀለ ሞቷል» አለ። «ለምን ቀቀልክ?»

«እርጥብ ነዋ!»

«ጨርቅ የለህም?» አለ ሙሴ ስታቭሮ፣ የባንኮኒውን መወልወያ አንሥቶ እያሳያት። «እንዲህ ጥርግ፣ ይደርቃል። ስጥ።»

አስካለ መወልወያውን አየችው። በቤቷ በየምስማሩ የተሰቀለው ጨርቅ ሁሉ ፊቷ ላይ መጣባት። ግሪኩ ተጨማሪ ነገር እየነገራት ነበር፤ ሎሚ ጨምቀሽ፣ ትንሽ ስኳር አድርገሽ፣ በማንኪያ ጫፍ ጠብ ጠብ፣ ጧትና ማታ፣ ጎመኑን ጥሬውን፤ እሷ ግን የሰማችው ገሚሱን ነው። «መቼ ይነሣሉ?» ብላ ጠየቀች። «ሳምንት» አላት። «ጥቂቱ ይሞታል። ቶሎ ሂድ።» ስኳሩን በወረቀት ቋጥሮ ሰጣት፣ ዋጋውን አልተቀበላትም። ከገበያው ሴቶች አንድ እፍኝ ሎሚ በመሐለቅ ገዛች፤ ያችው ድመት ያላት ሴትዮ የአስካለን ፊት አይታ ሳትቀልድ አንድ ሎሚ መረቀችላት።

ወደ ቤት ስትወርድ በቅሎው በሩ ላይ ታስሯል። ሐድጉ፣ የምብራት አጎት፣ የእንጦጦ ማርያም አገልጋይ የሆነ ረጅም ከሲታ ሽማግሌ፣ በረንዳው ላይ ካባውን እየጨመቀ ቆሟል። ምብራት በክፍሏ ውስጥ አንድ ትንሽ የቆዳ ስልቻ ከፊቷ አድርጋ በመደቡ ላይ ተቀምጣለች። ክፍሉ በአንድ ጧት ባዶ ሆኗል፤ የእሷ ቀሚሶች የነበሩበት ምስማር ብቻውን ቀርቷል። ከማዶ ክፍል፣ ከገነነ ዘንድ፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። በዚያ ልቅሶ ልክ በምብራት ቀሚስ ደረት ላይ ያለው እርጥብ ይሰፋል፤ እሷ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች፣ ነጠላውም ይርሳል።

አስካለ ገነነን ወደ ማድ ቤት ጠራችው። ሎሚውን አሳየችው፣ ግሪኩ ያለውን ነገረችው፣ የራሷንም ጥፋት አልደበቀችም።

«እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው። ቅጠሉን ቀቅዬ ሰጥቻቸው ነው። የምብራት በሽታ አይደለም።»

«ታዲያ ምብራት ንጹሕ ናት ነው የምትዪኝ?»

አስካለ መዋሸት ትችል ነበር። ለመዋሸትም አፏን ከፍታለች። «እሱን አላውቅም» አለች። «እንስሳይቱ ገና አልተናገረችም ነው የምልህ። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሳምንት ብቻ ስጠኝ። ከተነሣች እናያለን።»

«ሳምንት ሙሉ ይጥባ?»

«አይጥባ እሺ። ልጁን እኔ ልያዝ፣ እሷ ግን እዚሁ ትሁን፣ በዚህ ዝናብ እንጦጦ...»

«እትዬ» አለ ገነነ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አላውቅም፣ እንቆይ፣ ሳምንት እንጠብቅ ማለቱን ከእምሩ ጋር ሞከርነው። የልጄን ነገር በሎሚ አልወራረድም።» ከዚያ ወደ ሣጥኑ አየ፤ ሊቆጣት የፈለገ ይመስላል። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «የግሪክ ባለመጠጥ ሐኪም ሆነ?» ብቻ ብሎ ወጣ። እኅትና ወንድም ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሙሉ በአንድ በር ሲተላለፉ እሱ ወደ ግድግዳው፣ እሷ ወደ መሬት እያዩ ነበር።

ምብራት ሁሉንም ሰምታለች፤ በማድ ቤቱና በክፍሏ መካከል ያለው ጭቃ ልስን ግድግዳ ስስ ነው። አስካለ ስትገባ ተነሣችላት።

«ይተዉት እትዬ፣ አይልፉ» አለች።

«ምኑን ልተወው? ልጅሽን?»

«እኔም እፈራለሁ እኮ። ካለብኝስ? ማታ ማታ ሲጠባኝ እተነፍስበታለሁ።» ሳል መጣባትና አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ሲያልፍላት ጨርቁን አየችው፣ አጥፋ ደበቀችው። አስካለ ደም ይኑርበት አይኑርበት አላየችም። «ማታ ሲተኛ ጆሮውን ካልያዘ አይተኛም። የእርስዎን ጆሮ ይስጡት።»

ሐድጉ ከውጭ በትግርኛ ጠራት። ስትወጣ ገነነ በማዶው ክፍል በር ላይ ልጁን ታቅፎ ቆሞ ነበር፤ እንድታየው ይሁን እንዳታየው ራሱም ያወቀ አይመስልም። ሕፃኑ እናቱን ሲያይ እጁን ዘረጋ። «ወደይ» አለችው፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ አልቀረበችም። በቅሎው ላይ ወጣች፣ ሐድጉ ልጓሙን ያዘ፣ ዝናቡ ውስጥ ወደ ዳገቱ ታጠፉ። ገነነ በሩን ዘጋ።

አስካለ ሥራ ጀመረች። ከጓሮው ለጋ ለጋውን ጎመን ቀንጥሳ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ፊቱንም ጀርባውንም በንጹሕ ጨርቅ ጠረገች። ሎሚውን ጨምቃ ስኳር ጨመረችበት። እያንዳንዷን በጉያዋ ይዛ በማንኪያው ጫፍ ጠብ ስታደርግላቸው ሎሚው የቆሰለ ድዳቸውን ስለሚያቃጥላቸው ይጮኻሉ፤ እሷም «እሰይ የኔ ልጅ፣ ዋጪው፣ ዋጪው» ትላለች። ስድስቱን ጨርሳ ወደ ባለምልክቷ ሄደች። ይህችኛዋ አልጮኸችም። ጠብታው በከንፈሯ ዳር ፈሰሰ። አስካለ በጣቷ አፏን ከፍታ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጠብ አደረገችላት፤ አንዱን የዋጠች መሰላት። የጎመኑን ቅጠል በአፍንጫዋ ሥር አኖረችላት። እንስሳይቱ አሸተተችው፣ ጥርሷን አሳረፈችበት፣ ለመንከስ ግን አቅም አልነበራትም። አስካለ ቅጠሉን ራሷ አኝካ ሰጠቻት። ሰው ቢያያት ምን ይል ይሆን ብላ አላሰበችም። «ተናገሪ እንጂ» አለቻት። «ኑሪና ተናገሪ።»

ባለምልክቷ በማግሥቱ ጧት ሞታ ተገኘች። ያገኛት ገነነ ነው። በሽታው እንዳይዛመት ፈርቶ፣ አስካለ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት በፎጣ ጠቅልሎ ከገደሉ ሥር ወደሚሄደው ወንዝ ወረወራት። ወንዙ ሞልቶ ነበር።

ከቀሩት ስድስት አምስቱ በሳምንቱ ተነሡ። አስካለ ስትገባ እንደ ቀድሞው በኋላ እግራቸው ቆመው ይንጫጩባት ጀመር። ገነነ ያን ጩኸት ሲሰማ ከማድ ቤቱ ይሸሻል። ሐኪሙ ድልድዩ ተሠርቶ በመስከረም መጀመሪያ ሲመለስ ነገሩን ሁሉ ከአስካለ አፍ በገነነ አስተርጓሚነት ሰማ። ገነነ አንድም ነገር ሳያስቀር፣ ፊቱን ሳያነሣ ተረጎመ። ሐኪሙ ስለ ሎሚው ራሱን ነቀነቀ፤ ትክክል ነው አለ። ከዚያ የባለምልክቷ ሬሳ የት እንዳለ ጠየቀ፤ ሆዷን ከፍቼ ባያት ኖሮ የምብራትን ነገር በአንድ ሰዓት እነግራችሁ ነበር አለ። ገነነ ይህን ጥያቄ ለእኅቱ አልተረጎመላትም። ራሱ መለሰ።

ሐኪሙ ሌላ እንስሳ መርጦ ምርመራው እንደገና እንዲጀመር አዘዘ። ምብራት በመስቀል ማግሥት አክታ ልትሰጥ ከእንጦጦ ወረደች። ከስታ ነበር፤ ከበሽታ ይሁን ከብርድ የሚያውቅ የለም። ገብረአብ በአስካለ ጀርባ ላይ ነበር። የላም ወተት ለምዷል፣ ለመተኛትም የአስካለን ጆሮ ይይዛል። እናቱ ከደጅ ቆማ ስትጠራው ትንሽ አያትና ፊቱን በአስካለ ትከሻ ውስጥ ደበቀ። ምብራት አክታዋን በጠርሙሱ አድርጋ ለገነነ ሰጠች፣ ወደ ክፍሏ ሳትገባ ሐድጉ የያዘው በቅሎ ላይ ወጥታ ተመለሰች። አስካለ ከጓሮው ጎመን ቀንጥሳ፣ በጨርቅ ጠርጋ፣ ለአዲሷ ባለምልክት ሰጠቻት።